የኔትወርክ ድራይቨር ማስጠንቀቂያዎችና የከርነል የደህንነት ማስተካከያዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዳማ በየሆቴሉ፣ በየክሊኒኩና በየትምህርት ቤቱ ጓዳ ውስጥ የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ተጭኖበት ሌት ተቀን የሚሠራ አንድ ኮምፒውተር አይታጣም። አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር ተብሎ የተገዛ ሳይሆን አቅም ያለው ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው፤ የሚያስተዳድረውም ሰው ሌላ ዋና ሥራ ያለው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በእነዚሁ ሰዎች በየጊዜው የቀረቡልኝ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲሆኑ፣ በማያ ገጹ ላይ በላቲን ፊደል የሚታዩት መልእክቶችና ትእዛዞች በድምፃቸው ተጽፈዋል።

ሎጉ ውስጥ «ዋርኒንግ» የሚል ረጅም ጽሑፍ አየሁ። ሰርቨሩ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አይደለም፤ ሆኖም በዝምታ የሚታለፍም አይደለም። ሎግ ማሽኑ የሚያጋጥመውን የሚመዘግብበት ማስታወሻ ነው። ከርነል በፕሮግራሞችና በሃርድዌሩ መካከል ቆሞ ሁሉንም የሚያስተናብር የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ድራይቨር ደግሞ እንደ ኔትወርክ ካርድ ያለውን አንድ ዕቃ የሚያሠራ ኮድ ነው። ከርነሉ ችግር ሲገጥመው በሦስት ደረጃ ይናገራል። «ዋርኒንግ» ማለት ኮዱን የጻፈው ሰው «ይህ በፍጹም ሊሆን አይገባም» ብሎ ያሰበው ነገር ሆኖ ተገኝቷል፣ ሥራው ግን ቀጥሏል ማለት ነው። «ኡፕስ» የሚለው መልእክት ከርነሉ ራሱ ተሳስቶ፣ በዚያ ቅጽበት ይሠራ የነበረውን ፕሮግራም አቋርጦ፣ እየተንገዳገደም ቢሆን መቀጠሉን ያመለክታል። «ፓኒክ» ከመጣ ማሽኑ ቆሟል።

የማስጠንቀቂያው ጽሑፍ «ከት ሂር» ከሚል የተቆራረጠ መስመር ይጀምርና «ኤንድ ትሬስ» በሚል ያበቃል። በመካከል ያለው ዝርዝር ዓይን የሚያደክም ቢሆንም ዋናውን ቁም ነገር የያዙት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት መስመሮች ናቸው፤ ማስጠንቀቂያው ከየትኛው የኮድ ፋይል፣ ከስንተኛው መስመርና ከየትኛው ተግባር እንደወጣ እዚያ ተጽፏል። «ሲፒዩ፦ 2» የሚለውን አይተው ፕሮሰሰር ለመቀየር የተነሱ ሰዎች ገጥመውኛል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን በዚያ ቅጽበት ኮዱ በየትኛው የፕሮሰሰር ክፍል ላይ ይሠራ እንደነበር ብቻ ነው፤ ስለ ፕሮሰሰሩ ጤንነት ምንም አይልም።

ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ልፋት ያድናል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ማስጠንቀቂያዎች ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወጡ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ፣ አንዴ ብቻ መታየታቸው ችግሩ አንዴ ብቻ መድረሱን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ «ዲመሰጅ» የሚለው ትእዛዝ ጊዜውን የሚያሳየው ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ከሰረዝ ጋር ትልቁ «ቲ» ሲጨመርበት በሰዓት ያሳያል፤ ሰዓቱም በ24 የሚቆጠር ስለሆነ 19:20 የሚለው እንደ እኛ አቆጣጠር ምሽት 1 ሰዓት ከ20 መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህን ባለማስተዋል የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለው ምክንያት ሲፈለግ መዋሉ የተለመደ ነው።

«ኔትዴቭ ዋችዶግ፦ ትራንስሚት ኪው 0 ታይምድ አውት» ምን ማለት ነው? ኔትወርኩ ለጥቂት ሰከንድ ይደርቅና ይመለሳል።

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ከርነሉ የሚላኩትን ፓኬቶች (የመረጃ ቁራጮች) በሜሞሪ ውስጥ በረድፍ ያስቀምጣል፤ ኔትወርክ ካርዱም ከረድፉ እያነሳ ይልክና «ይህን ልኬዋለሁ» ብሎ ያሳውቃል። ዋችዶግ የሚባለው ጠባቂ ይህ ማሳወቂያ መምጣቱን ይከታተላል። ድራይቨሩ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር ካርዱ ለ5 ሰከንድ ድምፁን ካጠፋ፣ ጠባቂው መልእክቱን ይጽፍና ድራይቨሩ ካርዱን እንደገና እንዲያስጀምረው ያዛል። የኔትወርኩ መድረቅና መመለስም የዚህ ውጤት ነው። በቅርብ በወጡ ከርነሎች መልእክቱ ስንት ሚሊሰከንድ እንደተጠበቀም ይናገራል።

መልእክቱ የሚናገረው ስለ ውጤቱ እንጂ ስለ መንስኤው አይደለም። መንስኤው የድራይቨሩ የኮድ ስህተት፣ የካርዱ መጋል፣ የኃይል ቁጠባ አሠራር፣ ወይም ጨርሶ ከኮምፒውተሩ ውጭ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ብዙዎች የማይጠረጥሩት ስለሆነ አንድ አጋጣሚ ላንሳ።

አዳማ ውስጥ ፍራንኮ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ የሒሳብ ፕሮግራሙ በየምሽቱ ይደርቅ ነበር። በመጀመሪያ የተወቀሰው የኢንተርኔት መስመሩ ነበር፤ ቀጥሎ ኬብሉ ተቀየረ፤ ከዚያም ሰርቨሩ ይቀየር የሚል ሐሳብ መጣ። ሎጉ ሲታይ የዋችዶጉ መልእክት ሁልጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ሠራተኞች ከወጡ በኋላ እንደሚመጣ ታወቀ። ካርዱ የኢንቴል ሲሆን ድራይቨሩ «ኢ1000ኢ» ነበር፤ ይህ ድራይቨር ካርዱ ራሱ ሲሰናከል የሚጽፈው «ሃርድዌር ዩኒት ሃንግ» የሚል የተለየ መልእክት ቢኖረውም፣ እሱ በሎጉ ውስጥ አልነበረም። «ኢዝቱል» በሚባለው ትእዛዝ የካርዱን ቆጣሪዎች ስናይ «አርኤክስ ፍሎው ኮንትሮል ኤክስኦፍ» የሚለው ቁጥር ዓይናችን እያየ ይሮጥ ነበር። ይህ ቆጣሪ ከሌላው ወገን የሚመጣውን «ቆይ፣ አትላክ» የሚል ትእዛዝ የሚቆጥር ነው። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊች ላይ የተሰኩትን ኬብሎች አንድ በአንድ እየነቀልን ስንሄድ ሰባተኛው ላይ ቁጥሩ ቀጥ አለ። የገንዘብ ያዧ ኮምፒውተር ወደ እንቅልፍ ሲገባ ካርዱ እየተሰናከለ ማቆሚያ የሌለው «ቆይ» ይልክ ነበር፤ ስዊቹም ያንኑ ለሰርቨሩ ያስተላልፋል። ሰርቨሩ ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ ከርሟል። በኢዝቱል የፍሎው ኮንትሮሉን (የ«ቆይ» ትእዛዙን) ሥራ በማጥፋትና የዚያን ኮምፒውተር እንቅልፍ በመከልከል ነገሩ አበቃ።

በሪልቴክ ካርዶችና «አር8169» በሚባለው ድራይቨር ላይ ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ «ኤኤስፒኤም» የተባለው የኃይል ቁጠባ ነው። ከርነሉ ሲነሳ «ፒሲአይኢ ኤኤስፒኤም እኩል ይሆናል ኦፍ» የሚል ትእዛዝ ሰጥቶ ለጥቂት ቀናት መሞከር ይቻላል፤ መልእክቱ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኝቷል። ከዚያ በፊት ግን የኮምፒውተሩን ሽፋን ከፍቶ የአዳማን አቧራ ማራገፍ ምንም ወጪ የለውም።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ «ፈርምዌር ፌይልድ ቱ ሎድ» ይላል። ኢንተርኔቱ ግን ይሠራል።

ካርዱ ሲነሳ የሚጫንለት ትንሽ ፋይል በዲስኩ ላይ አልተገኘም ማለት ነው። ብዙዎቹ ሪልቴክ ካርዶች ያለዚያም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ፋይሉ የካርዱን የታወቁ ጉድለቶች የሚያርም ስለሆነ መጫኑ ይመረጣል። ከሊኑክስ ዓይነቶች በኡቡንቱ «ሊኑክስ ፈርምዌር»፣ በዴቢያን «ፈርምዌር ሪልቴክ» በተባለው ጥቅል ውስጥ ይገኛል። ዴቢያን ከ2023 ጀምሮ፣ ማለትም ከ12ኛው እትም ወዲህ፣ እነዚህን ፋይሎች በመጫኛው ውስጥ አካቷል።

የድራይቨር ማስጠንቀቂያ ከደህንነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

አንድ ፓኬት ከውጭ ሲመጣ ፋየርዎሉ ከማየቱ፣ የይለፍ ቃልም ከመጠየቁ በፊት የሚነካው ድራይቨሩ ነው። ድራይቨሩ ደግሞ በከርነሉ ውስጥ፣ በሙሉ ሥልጣን የሚሠራ ነው። እንግዳን በር ላይ የሚቀበል ሰው የቤቱን ሁሉ ቁልፍ በወገቡ ታጥቆ እንደሚቆም ይቆጠር። ስለዚህ ድራይቨሩ የመጣለትን ርዝመት፣ ቁጥር ወይም ዓይነት ሳያጣራ ካመነ፣ ስህተቱ የአንድ ፕሮግራም ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያና የደህንነት ክፍተት አንድ አይደሉም። አንዳንዱ ማስጠንቀቂያ አደጋ የለውም፤ አንዳንዱ አደጋም ማስጠንቀቂያ የለውም። ለሁለተኛው ጥሩው ማስረጃ በ2003 ይፋ የሆነው «ኢተርሊክ» ነው። በኢተርኔት አንድ መልእክት ቢያንስ 46 ባይት ጭነት ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያ ካነሰ ቀሪው በዜሮ ይሞላል። በርካታ ድራይቨሮች ግን ቀሪውን በዜሮ ከመሙላት ይልቅ በሜሞሪው ላይ ተርፎ የነበረውን ማንኛውንም ነገር ይልኩ ነበር፤ ይህም ቀደም ሲል ያለፈ የሌላ ሰው መልእክት ቁራጭ ሊሆን ይችላል። ሎጉ ላይ አንዲት መስመር አይጻፍም፣ ኔትወርኩም አይደርቅም፤ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል።

በጥቅምት 2022 ደግሞ በከርነሉ የዋይፋይ ክፍል ውስጥ አምስት ክፍተቶች በአንድ ላይ ይፋ ሆኑ። አጥቂው ከኔትወርኩ ጋር መገናኘትም ሆነ የይለፍ ቃሉን ማወቅ አያስፈልገውም ነበር፤ በአቅራቢያ ሆኖ በተንኮል የተሠራ የዋይፋይ ምልክት ማሰራጨቱ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ኮምፒውተሩ በዙሪያው ያሉትን ኔትወርኮች ሲፈልግ ምልክቱን ያነባልና። አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ናት፤ በአንድ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ላፕቶፕ ከፍቶ መቀመጡ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት «በእኛ አገር ማን ያውቀዋል» ብሎ መተው ትክክል አይመስለኝም።

በዩኤስቢ የሚሰኩ የዋይፋይ ካርዶችና ዶንግሎችስ?

እነሱ ላይ በብዛት የሚታየው «ቦገስ ዩአርቢ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ ምን ዓይነት የመገናኛ በሮች እንዳሉት ራሱ ይናገራል፤ ድራይቨሩም የተነገረውን ከሚጠብቀው ጋር ሳያመሳክር ሥራ ሲጀምር፣ ከርነሉ የበሩ ዓይነት አለመጣጣሙን አይቶ ያስጠነቅቃል። ዕቃው ርካሽ ቅጂ ወይም የተበላሸ ሊሆን ይችላል፤ ሆን ተብሎ እንዲዋሽ የተሠራም ሊሆን ይችላል። የማስተካከያው ኮድ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም፦ በሮቹ የሚጠበቁት ካልሆኑ ዕቃውን አልቀበልም ማለት ነው።

ማሽኑን የማያቆም ተራ ማስጠንቀቂያ ለምን የደህንነት ክፍተት ቁጥር ይሰጠዋል?

ምክንያቱ «ፓኒክ ኦን ዋርን» የሚባል የከርነል ምርጫ መኖሩ ነው። ዋጋው 1 ሲሆን ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ማሽኑን ያቆማል። ትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች አጠራጣሪ ሁኔታ ውስጥ ከመቀጠል መቆም ይሻላል ብለው ይህን የሚመርጡበት ጊዜ አለ። በእነሱ ዘንድ አንድ ተራ ተጠቃሚ ወይም የውጭ ሰው ማስጠንቀቂያውን ሆን ብሎ ማስነሳት ከቻለ ማሽኑን እንዳሻው መጣል ቻለ ማለት ነው። የጉግል «ሲዝቦት» የተባለው አውቶማቲክ ፈታሽም ከርነሉን ቀንና ሌሊት በተዘበራረቀ ግብዓት እየፈተነ የሚያገኛቸው ማስጠንቀቂያዎች እንደ ስህተት ተቆጥረው ይስተካከላሉ። በአነስተኛ ቢሮ ውስጥ ግን ይህን ምርጫ 0 ላይ መተው ተገቢ ነው፤ በዋችዶግ መልእክት ምክንያት የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሥራ ሊቆም አይገባም።

የሲቪኢ ቁጥሮች በየሳምንቱ እየበዙ ነው። ሁሉንም መከታተል አለብኝ?

አይችሉም፤ መሞከርም አያስፈልግም። ሲቪኢ ይፋ ለሆነ ለእያንዳንዱ የደህንነት ክፍተት የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው። ከየካቲት 2024 ጀምሮ የከርነሉ ገንቢዎች ራሳቸው ቁጥር ሰጪ ሆነዋል፤ በከርነል ደረጃ ማንኛውም ስህተት ማለት ይቻላል በአንድ ዓይነት አጠቃቀም ለደህንነት ሊተርፍ ስለሚችል ቁጥሩን በብዛት ይሰጣሉ። የቁጥሩ መብዛት ከርነሉ ድንገት ተበላሸ ማለት ሳይሆን ቆጠራው ሰፋ ማለት ነው። የእነሱም ምክር ቁጥር እየመረጡ አንዳንዱን ማስተካከያ ብቻ መውሰድ ትቶ የሚጠቀሙበትን ተከታታይ የመጨረሻ እትም በሙሉ መውሰድ ነው። አንድን ክፍተት ለይተው ማጣራት ከፈለጉ «ኤልኤስፒሲአይ» ከሰረዝና «ኬ» ጋር የትኛው ድራይቨር በማሽንዎ ላይ እንደሚሠራ ያሳያል፤ የሌለዎት ካርድ ክፍተት እንቅልፍ ሊነሳዎት አይገባም።

የኡቡንቱ ከርነሌ 5.15 ነው። ይህ የ2021 አይደለም እንዴ?

ተከታታዩ የዚያን ጊዜ ነው፤ ማስተካከያዎቹ ግን አዲስ ናቸው። እንደ ኡቡንቱ ያሉ አከፋፋዮች የከርነሉን ዋና ቁጥር ሳይቀይሩ የደህንነት ማስተካከያዎችን ብቻ ወደ ኋላ ወስደው ይጨምሩበታል፤ የሚለወጠው ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ስለዚህ ማነጻጸር የሚገባው ከአከፋፋዩ የደህንነት ማስታወቂያ ጋር ነው። ይህ የሚሠራው ግን የድጋፍ ዘመኑ ላላለፈ ስርዓት ብቻ ነው። ሴንትኦኤስ 7 ድጋፉ ሰኔ 30 ቀን 2024 አብቅቷል፤ የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍም በግንቦት 2025 ተዘግቷል፤ ከዚያ በኋላ ማስተካከያ የሚገኘው በኡቡንቱ ፕሮ ምዝገባ ሲሆን፣ ይህም ለግለሰብ እስከ 5 ማሽን ድረስ በነፃ ነው።

አፕዴት አድርጌያለሁ፤ ማስጠንቀቂያው ግን አልጠፋም።

ማሽኑን ሪስታርት አድርገዋል? አዲሱ ከርነል በዲስኩ ላይ ተቀምጦ አሮጌው በሜሞሪ ውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል። «ዩኔም» ከሰረዝና «አር» ጋር በአሁኑ ሰዓት የሚሠራውን ቁጥር ይነግራል። ለስድስት ወር ሳይጠፋ በመቆየቱ የሚኮራበት ሰርቨር የስድስት ወር የደህንነት ማስተካከያ ያልደረሰው ሰርቨር ነው። «ላይቭፓች» የተባለው አገልግሎት አንዳንድ ከባድ ክፍተቶችን ያለ ሪስታርት ይሸፍናል፤ ሁሉንም ግን አይሸፍንም።

ለአሥር ኮምፒውተር በሞባይል ዳታ ማውረድ ዋጋው አይቀመስም። ምን ይሻላል?

አንድ የከርነል አፕዴት መቶ ሜጋባይት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የፈርምዌሩ ጥቅል ብቻውን በመቶዎች ሜጋባይት ይቆጠራል። «አፕት ካሸር ኤንጂ» የተባለውን ፕሮግራም በአንዱ ማሽን ላይ ቢተክሉ የወረደው ጥቅል እዚያ ይቀመጥና ሌሎቹ ዘጠኙ በውስጥ ኔትወርክ ይወስዳሉ። ማውረዱን ሌሊት አድርጎ መጫኑንና ሪስታርቱን ለቅዳሜ ከሰዓት ማቆየትም ይቻላል። ለማስታወስ ያህል፦ መብራት ከጠፋ በኋላ አፕዴቱ ፋይሉ «ገና አልጸናም» የሚል ስህተት ካሳየ የቦርዱ ባትሪ አልቆ የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ቀኑን ይመልከቱ።

ከአፕዴት በኋላ ኔትወርክ ካርዱ ጨርሶ ጠፋ።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው የግሩብ ዝርዝር «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው የቀድሞውን ከርነል ይምረጡ፤ ኡቡንቱና ዴቢያን ያለፈውን እትም አያጠፉትም። ካርዱ በዚያ ከተመለሰ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ከከርነሉ ውጭ የተጫነ ድራይቨር ነው። እንዲህ ያለው ድራይቨር ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት አለበት፤ ይህን የሚያደርገው «ዲኬኤምኤስ» ለግንባታው የሚያስፈልገው የከርነሉ ሄደር ጥቅል ከሌለ ይወድቃል። የሚጫነውን ኮድ ፊርማ የሚያጣራው ሴኪዩር ቡት በበራበት ማሽን ላይ ደግሞ ድራይቨሩ ተገንብቶም ቢሆን ካልተፈረመ አይጫንም።

ከዚህ የተነሳ ከአዲስ አበባ ሆኖ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለን የአዳማ ሰርቨር ከርነል ማዘመን፣ ማሽኑ አጠገብ ሰው ከሌለ፣ አይመከርም። ካርዱ ካልተነሳ በርቀት የሚገቡበት መንገድም አብሮ ይዘጋል።

በጣም አዲሱን የሙከራ ከርነል ብጭን አይሻልም?

ለቢሮ ማሽን አይሻልም። በ2008 የ2.6.27 ከርነል የሙከራ እትሞች የኢንቴል «ኢ1000ኢ» ካርዶችን ቋሚ ማህደረ ትውስታ እያበላሹ ካርዶቹን ከጥቅም ውጭ ያደርጉ ነበር፤ አሮጌውን ከርነል መመለስ ካርዱን አያድነውም። የሚያስገርመው ጥፋቱ የድራይቨሩ ሳይሆን «ኤፍትሬስ» የተባለ፣ ከኔትወርክ ጋር ምንም የማይገናኝ የመከታተያ ክፍል ሆኖ መገኘቱ ነው።

«ቴይንትድ» የሚለውስ? ቁጥሩ 4608 ነው።

ከርነሉ ስለራሱ የያዘው ማስታወሻ ነው እንጂ የቫይረስ ምልክት አይደለም። 4608 የ4096 እና የ512 ድምር ነው፤ 4096 ከከርነሉ ውጭ የተሠራ ድራይቨር መጫኑን፣ 512 ደግሞ ከዚህ በፊት ማስጠንቀቂያ መውጣቱን ይናገራል። 1 ከተጨመረበት ኮዱ ይፋ ያልሆነ ድራይቨር አለ ማለት ነው።

ለባለሙያ ለማሳየት ምን ልላክ?

በቴሌግራም የሚደርሱኝ ምስሎች ከአሥሩ ስምንቱ የማያ ገጹን ታችኛ ክፍል ብቻ ያሳያሉ፤ «ከት ሂር» የሚለውና ከእሱ ቀጥሎ ያሉት ዋናዎቹ መስመሮች ወደ ላይ ተንሸራተው ጠፍተዋል። ስለዚህ ፎቶ ከማንሳት የዲመሰጁን ውጤት ወደ ፋይል ገልብጠው በሙሉ ይላኩት፤ ማሽኑ ሪስታርት ተደርጎ ከሆነም «ጆርናልሲቲኤል» የቀደመውን ሎግ ሊያወጣው ይችላል። ከእሱ ጋር የዩኔሙን ቁጥር፣ የካርዱንና የድራይቨሩን ስም፣ ችግሩ የጀመረበትን ቀንና በዚያ ቀን አካባቢ የተለወጠውን ነገር ሁሉ ይጨምሩ፤ ስዊች መቀየር፣ ጄኔሬተር መተከል፣ ወይም አዲስ ኮምፒውተር መግባት «ከነገሩ ጋር አይገናኝም» ተብሎ አይተው። ፋይሉን ለማያውቁት ሰው ወይም ለብዙ ሰው በሚታይበት ቦታ የሚልኩ ከሆነ የማሽኑን ስምና የካርዱን አድራሻ አስቀድመው ያጥፉ።